ቤት ስትገዙ ከጎናችሁ የቆመው ማን ነው?

አዲስ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። ዋጋው ስንት ነው? ስንት ክፍል አለው? ከዋናው መንገድ ምን ያህል ይርቃል? ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፦ በዚህ ግዢ ውስጥ የእኛን ጥቅም ብቻ የሚጠብቅልን ሰው ማን ነው?

እስቲ በጫግኒ ከተማ የሚኖሩ ባልና ሚስትን በዓይነ ሕሊናችሁ አስቡ። ባል መምህር ነው፤ ሚስት እህልና በርበሬ ትነግዳለች። ለዓመታት ዕቁብ ጥለው፣ ከራሳቸውም ከልጆቻቸውም ቀንሰው፣ ውጭ አገር ያለች እኅት ደግሞ ጨምራላቸው፣ ለአንድ አዲስ የብሎኬት ቤት የሚበቃ ገንዘብ አጠራቅመዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደላላ እየመራቸው ቤቱን ሊያዩ ይሄዳሉ። ግቢው ውስጥ ባለቤቱ ቆሟል፤ ቤቱን የሠራው ግንበኛም አለ። ሁሉም ፈገግ ብለው ይቀበሏቸዋል፤ ቡና ይፈላል። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ሴራሚኩ ያብረቀርቃል። «ሌላ ገዢ ነገ ጠዋት ይመጣል፤ ከፈለጋችሁ ዛሬ ቀብድ ጣሉ» ይባላሉ።

አሁን ግቢው ውስጥ የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ እንቁጠር። ባለቤቱ መሸጥ ይፈልጋል። ግንበኛው የባለቤቱ ሠራተኛ ነው፤ ምናልባትም ቀሪ ክፍያውን የሚያገኘው ቤቱ ሲሸጥ ነው። ደላላው የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ነው። ሦስቱም ቅን ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ከሦስቱ አንዱም እንኳ «ይህን ቤት አትግዙ» ብሎ ለእነዚህ ባልና ሚስት ለመንገር የቆመ አይደለም። የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን ይዘው የገቡት ብቻቸውን ነው።

ጫግኒ የቤትን ዋጋ የምታውቅ ከተማ ናት። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች በከተማይቱ አጠገብ ራንች በሚባለው ስፍራ ተጠልለው በነበረ ጊዜ፣ የራስ ጣሪያ ማጣት ምን እንደሚመስል ነዋሪው በዓይኑ አይቷል። ከእንጅባራ ወደ ቤንሻንጉል ጉሙዝ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለች ለዚህች ከተማ ነዋሪ ቤት ማለት የልጆች ማደጊያ፣ የእርጅና መጦሪያ፣ ለክፉ ቀንም መጠጊያ ነው። ታዲያ ይህን የሚያህል ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በሌሎች ሰዎች ቃል ብቻ መግዛት እንዴት ይገባል?

ደላላው የማን ነው?

በመጀመሪያ ደላሎችን ለመንቀፍ እንዳልተነሣን ይታወቅልን። የሚሸጥ ቤት የት እንዳለ የሚያውቁት፣ ሻጭና ገዢን የሚያገናኙት እነርሱ ናቸው፤ ለድካማቸውም ሊከፈላቸው ይገባል። ስሕተት የሚሆነው ደላላን እንደ ጠበቃ ወይም እንደ አማካሪ አድርጎ መያዝ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደላላን የተረጎመው ራሱን ችሎ፣ ለጥቅም ሲል ተዋዋዮችን ፈልጎ የሚያገናኝ ነጋዴ አድርጎ ነበር። ሥራው ማገናኘት ነው። ካገናኘ ሥራው አለቀ።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በብዙ ከተሞች የተለመደው የድለላ ክፍያ ከመቶ ሁለት ነው። አንድ ቤት 3,000,000 ብር ተጠራ እንበል። ደላላው ከአንድ ወገን 60,000 ብር ያገኛል። አሁን ደላላው ስለ እናንተ ብሎ ሻጩን ተከራክሮ ዋጋውን ወደ 2,700,000 ብር ቢያወርድላችሁ እናንተ 300,000 ብር ትተርፋላችሁ። የእርሱ ክፍያ ግን ወደ 54,000 ብር ይወርዳል። ስለ እናንተ በመድከሙ 6,000 ብር ከሰረ ማለት ነው። ከዚያም በላይ ክርክሩ ሽያጩን ቢያፈርሰው 60,000ውንም ያጣል። እንግዲህ ከማን ጎን እንዲቆም ትጠብቃላችሁ? የክፍያው አሠራር ራሱ እንዲያስማማና እንዲያፋጥን እንጂ እንዲመረምር አያደርገውም። ከሁለቱም ወገን የሚከፈለው ከሆነ ደግሞ የሁለቱንም ፊት ማየት ግድ ይሆንበታል።

ስለዚህ ደላላውን አመስግናችሁ፣ ተስማምታችሁ ክፈሉት። ምክር ግን ከሌላ ሰው ጠይቁ።

ከሌሎች አገሮች ምን እንማራለን?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ ድረስ በብዙዎቹ ግዛቶች ገዢውን በመኪናው ይዞ ቤት የሚያሳየው ወኪል እንኳ በሕግ ፊት የሻጩ ወኪል ነበር። ገዢው ስንት ድረስ መክፈል እንደሚችል ሲያጫውተው፣ ምሥጢሩን ለተቃራኒው ወገን መስጠቱን አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ለገዢው ብቻ የሚሠራ ወኪል እየተለመደ የመጣው። ከነሐሴ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአገሪቱ የቤት ሽያጭ ወኪሎች ብሔራዊ ማኅበር በፍርድ ቤት ክስ ሳቢያ ባደረገው ስምምነት መሠረት፣ ገዢ ከወኪሉ ጋር ቤት ለማየት ከመሄዱ በፊት የወኪሉን ክፍያ የሚገልጽ የጽሑፍ ስምምነት መፈረም አለበት።

በዚያ አገር አዲስ ቤት ሠርተው የሚሸጡ ድርጅቶች በሠፈሩ መግቢያ ላይ ቢሮ ከፍተው እንግዳ የሚቀበል ሰው ያስቀምጣሉ። ሰውየው ትሑት ነው፤ ሁሉን ያስረዳል። የሚሠራው ግን ለአሠሪው ለድርጅቱ ነው። ስለዚህ በዚያ ያሉ ወገኖቻችን አዲስ ቤት ሲገዙ ገና ከመጀመሪያው ጉብኝት የራሳቸውን ወኪል ይዘው እንዲሄዱ ይመከራሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በአዲስ አበባ ከአክሰስ ሪል ስቴት ቤት ለመግዛት የከፈሉ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ቤታቸውን በውሉ ጊዜ ሳይረከቡ ለዓመታት መንከራተታቸውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ከእነርሱ መካከል የተማሩ፣ ብዙ ያዩ ሰዎች ነበሩ። የሪል ስቴት ልማትንና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትን የሚመለከት አዋጅ የወጣውም ዘግይቶ በ2017 ዓ.ም. ነው። በጫግኒ የሚሸጠው አዲስ ቤት ግን በአብዛኛው ትልቅ ድርጅት የሠራው ሳይሆን አንድ ግለሰብ በቦታው ላይ ሠርቶ የሚሸጠው ነው። እንዲህ ባለው ሽያጭ ገዢውን የሚጠብቀው ራሱ ያዘጋጀው ጥንቃቄ ነው።

የራስ ሰው ማለት ምን ማለት ነው?

በእኛ ከተማ «የገዢ ወኪል» የሚል ማስታወቂያ የሰቀለ ቢሮ ባታገኙም ሕጉ ግን ወኪልን ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2199 ጀምሮ ስለ ውክልና ይደነግጋል። ወኪል ለወካዩ ፍጹም ቅን መሆን እንዳለበት፣ የወካዩን ጥቅም ብቻ አስቀድሞ መሥራት እንዳለበት፣ ወካዩ ሳያውቅም ከሥራው ሌላ ጥቅም ማግኘት እንደማይገባው በቁጥር 2208 እና 2209 ተጽፏል። ደላላና ወኪል የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የወኪል ታማኝነት ለአንድ ወገን ነው።

ለአንድ መካከለኛ ቤተሰብ ይህ ሁለት ሰው በመያዝ ሊሟላ ይችላል፦ ቤቱን የሚመረምር አንድ የግንባታ ባለሙያ፣ ወረቀቱን የሚመረምር አንድ የሕግ ባለሙያ። ከቻላችሁ በዋጋ ክርክር ጊዜ አብሯችሁ የሚቀመጥ፣ የከተማውን ዋጋ የሚያውቅ አንድ አስተዋይ ሰው ጨምሩ። ስትመርጧቸው የሚከተሉትን ጠብቁ።

አንደኛ፣ ከሻጩም ሆነ ከደላላው ጋር የሥራ፣ የብድር ወይም የሥጋ ዝምድና አይኑራቸው። «ባለሙያ እኔ አመጣላችኋለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ እምቢ በሉ።

ሁለተኛ፣ ክፍያቸው ቁርጥ ይሁን፤ ከቤቱ ዋጋ ጋር አይያያዝ። ቤቱን ገዛችሁም ተዋችሁም እኩል ይከፈላቸው። እንዲህ ከሆነ «ይቅርባችሁ» ለማለት አይፈሩም።

ሦስተኛ፣ ያዩትን በጽሑፍ ይስጧችሁ። አንድ ገጽ ይበቃል።

የእነዚህ ሰዎች ዋጋ ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ብዙዎች ሚሊዮኖችን አውጥተው ለምርመራ የሚከፈለውን ይሰስታሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ኋላ ላይ ለጥገናና ለክርክር የሚወጣው ይበልጣል።

አዲስ ቤት ለምን የበለጠ ምርመራ ይፈልጋል?

«አሮጌ ቤት ቢሆን ኖሮ እመረምረው ነበር፤ ይህ እኮ አዲስ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ሰው የኖረበት ቤት እንከኑን አውጥቶ ያሳያል። ያፈሰሰው ጣሪያ ኮርኒሱ ላይ ምልክት ይተዋል፤ የሰመጠው መሠረት ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል፤ ጎረቤትም ይናገራል። አዲሱ ቤት ግን ገና አንድ ክረምት እንኳ አላለፈበትም። የተሠራበትን የሚያውቀው ሻጩና ግንበኛው ብቻ ነው፤ የቀረው በልስንና በቀለም ተሸፍኗል። በአዊ ምድር ክረምቱ ብርቱ ነው፤ በበጋ የተገዛ ቤት ፈተናውን የሚወስደው ገንዘቡ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ በሐምሌ ነው።

የግንባታ ባለሙያችሁ ቢያንስ እነዚህን ይይላችሁ።

መሠረቱን፦ ምን ያህል ጥልቀት አለው? ያረፈው በምን ዓይነት አፈር ላይ ነው? ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያረፈውንም ቤት ያነቃንቃል። ሻጩ በግንባታው ጊዜ የተነሣ ፎቶ ካለው ይጠየቅ፤ ዛሬ በእጅ ስልክ ፎቶ የማያነሣ ሠሪ ጥቂት ነው። ኮለኑና ቢሙ ምን ያህል ፌሮ እንደያዘ በፎቶው ላይ ሊታይ ይችላል።

ግድግዳውን፦ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ ምክንያቱ ይጠየቅ። ልስኑ በእጅ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ አልያዘም ማለት ነው። ኮንክሪት ታስቦ የተሠራበትን ጥንካሬ የሚለካው በ28 ቀን ነው፤ በእነዚያ ቀናት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ላይ ውኃ መጠጣት አለበት። ለሽያጭ ተቻኩሎ የተሠራ ቤት ይህን ጊዜ ሳያገኝ ጭነት ሊወድቅበት ይችላል።

ጣሪያውን፦ የቆርቆሮው ጌጅ ስንት ነው? በገበያችን የጌጁ ቁጥር ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል፤ ባለ 32 ጌጅ ከባለ 35 ጌጅ ይሻላል። ወራጁ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከነበረ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ጣሪያውም ምስማሩም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ምስጥ ባለበት ሠፈር ደግሞ እንጨቱ መድኃኒት ተቀብቶ እንደሆነ ይጠየቅ። ባለሙያው መሰላል ይዞ ኮርኒሱ ውስጥ ይግባ እንጂ ከታች ሆኖ አይፍረድ።

ውኃና መብራትን፦ ቧንቧዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፈቱ። የመጸዳጃው ጉድጓድ የት ነው? የግቢ የውኃ ጉድጓድ ካለ ምን ያህል ይርቀዋል? የመብራት ቆጣሪው በቤቱ ባለቤት ስም ነው ወይስ ከጎረቤት የተጠለፈ መስመር ነው? የዝናብ ውኃ ከግቢው በየት በኩል ይወጣል? ከጎረቤት የሚመጣው ጎርፍስ?

ቢቻላችሁ ዝናብ ጥሎ ባባራ ማግሥት ሂዱ። ካልሆነም ሻጩ በሌለበት ሰዓት ጎረቤቶችን አነጋግሩ። ጎረቤት ሲሠራ ያየው ብዙ ነገር አለ።

ወረቀቱ ከቤቱ ይቀድማል

ግድግዳ ቢሰነጠቅ ይጠገናል። ባለቤትነቱ የተሰነጠቀ ቤት ግን በስሚንቶ አይጠገንም። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። እናንተ የምትገዙት ቤቱን ነው፤ ቦታውን የምትጠቀሙት ቤቱ በሕጋዊ ይዞታ ላይ ሲያርፍ ነው። ከከተማው ዳር ከገበሬ በጽሑፍ ብቻ «በተገዛ» ማሳ ላይ፣ ያለ ፈቃድ የቆመ ቤት ምንም ያህል ቢያምር ነገ ሊፈርስ ይችላል። በሕዝቡ አነጋገር የጨረቃ ቤት የሚባለው ይህ ነው።

ስለዚህ የሕግ ባለሙያችሁ የሻጩን የይዞታ ማረጋገጫና ካርታ ኮፒ ይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይሂድ፤ ፋይሉን በመዝገቡ ያስተያይ። ሻጩ በእጁ የያዘውን ወረቀት ማየት ብቻውን አይበቃም። በማዘጋጃ ቤት የሚጣሩት እነዚህ ናቸው፦ ካርታው የማን ስም ነው? ስፋቱና ወሰኑ መሬት ላይ ካለው አጥር ጋር ይስማማል? የግንባታ ፈቃድ አለው? የተሠራው በተፈቀደው ዓይነት ነው? ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነ ስንት ቀሪ ክፍያ አለበት? ባንክ በመያዣነት ይዞታል? የፍርድ ቤት እገዳ አለበት? መንገድ ወይም ሌላ ልማት በላዩ ታቅዷል?

ገና ተሠርቶ ላላለቀ ቤት ጥንቃቄው ይጨምራል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታው ከግማሽ በታች የሆነ የሊዝ ቦታ ሲተላለፍ የተለየ ሥርዓትና ገደብ አስቀምጧል። እንዲህ ያሉ ደንቦች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ የዛሬውን ከማዘጋጃ ቤቱ አረጋግጡ።

ሻጩ ያገባ እንደሆነም መጠየቅ አለበት። በቤተሰብ ሕጋችን የባልና የሚስት የጋራ የሆነ ቤት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ባል ብቻውን ፈርሞ ሚስት «አላውቅም» ብትል ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች። ይህ ሕግ የእርሷን ቤት የሚጠብቅ ነው፤ ነገ የእናንተንም ቤት ይጠብቃል። ስለዚህ ሚስትየዋ ቡና ስታፈላ አይታችሁ ተስማምታለች አትበሉ፤ ትፈርም። ቤቱ የውርስ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ይታወቁ። ሻጩ ውጭ አገር ሆኖ ወኪሉ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ የውክልና ወረቀቱ ቤት ለመሸጥ በግልጽ የተሰጠ ልዩ ውክልና መሆን አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 እና 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ቤት ለመሸጥ አያበቃም። ውክልናው አለመሻሩም ይጣራ።

ቀብድና ውል

ከላይ የተጠቀሰው ሁሉ ሳይጣራ ቀብድ አትክፈሉ። ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ ሰጪው ሐሳቡን ቢለውጥ የሰጠውን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢለውጥ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። «ነገ ሌላ ገዢ ይመጣል» የሚለው ቃል እናንተን ወደዚህ ቀንበር ለማስገባት የሚነገር ሊሆን ይችላል። መልሳችሁ አንድ ይሁን፦ «ሰዎቻችን አይተው ሲጨርሱ እንነጋገራለን»። ሌላው ገዢ በእውነት መጥቶ ከገዛው፣ ጌታ ሌላ ቤት አያጣም።

የቤት ሽያጭ ውል በሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህ ሥርዓት ያልተፈጸመለት ውል እንደማይጸና ወስኗል። ከዚያ ወዲህ ሻጩ ሽያጩን ያልካደባቸውን ጉዳዮች ለይተው ያዩ ውሳኔዎች ቢኖሩም፣ ቤታችሁን በሻጩ አለመካድ ላይ አትመሥርቱ። ከውሉም በኋላ ስም ማዛወሩ እስኪያልቅ ተከታተሉ። ያልተመዘገበ ሽያጭ በሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ አይሆንም፤ ሻጩ ያንኑ ቤት ለሌላ ቢሸጥ ከባድ ክርክር ውስጥ ትገባላችሁ።

ውሉ እነዚህን ይያዝ፦ የቤቱን ዝርዝር፣ የክፍያውን ጊዜ፣ ባለሙያው ያገኛቸውን ጉድለቶችና ማን እንደሚጠግናቸው፣ ስም ማዛወሪያውንና ግብሩን ማን እንደሚከፍል። ከዋጋው ላይ የተወሰነው ስም እስኪዛወር በእጃችሁ ቢቆይ ይመረጣል። ሕጉ በቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጭ ለሠራው ሕንፃ ለ10 ዓመት ኃላፊ እንዲሆን ያደርጋል፤ ይህ ግን በአሠሪውና በተቋራጩ መካከል ነው። ሻጩ ይህን መብት ለእናንተ እንዲያስተላልፍ የሕግ ባለሙያችሁ በውሉ ይጻፍላችሁ።

አንድ ፈተና ደግሞ አለ። «ግብር እንዳይበዛ በውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ትባሉ ይሆናል። ይህ ለክርስቲያን ሐሰት ነው። ከዚያም አልፎ ለገዢው አደጋ ነው፤ ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስ ማስረጃ ያላችሁ በወረቀቱ ላይ ለተጻፈው ገንዘብ ብቻ ነው። የራሳችሁ ሰው ከጎናችሁ ካለ ይህን በጊዜው ይነግራችኋል።

«ወንድማማች አይደለን ወይ?»

በጉባኤ መካከል ይህ ነገር ሲነሣ ይከብዳል። ሻጩ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አባል ሊሆን ይችላል፤ ደላላውም አብሮን የሚያመልክ ወንድም። «ጠበቃና መሐንዲስ ይዤ ብሄድ ያልታመነ ይመስለዋል» ብለን እናፍራለን። እስቲ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የተፈጸሙ ሁለት ግዢዎችን እናስተውል።

አብርሃም ሣራን የሚቀብርበት ቦታ ሲፈልግ በቀጥታ ወደ ኤፍሮን አልሄደም። የኬጢ ልጆች ስለ እርሱ ኤፍሮንን እንዲያነጋግሩለት ለመነ። ኤፍሮን በነጻ እንስጥህ ቢለውም አብርሃም ሙሉውን ዋጋ 400 ሰቅል ብር በሕዝቡ ፊት መዝኖ ከፈለ። የተላለፈለትም ምን እንደሆነ በዝርዝር ተነግሯል፤ እርሻው፣ ዋሻው፣ በወሰኑ ያሉት ዛፎች ሁሉ (ዘፍ. 23)።

ኤርምያስ ደግሞ በዓናቶት ያለውን እርሻ በ17 ሰቅል የገዛው ከአጎቱ ልጅ ነው። ግዢው ከእግዚአብሔር የተነገረው ነበር፤ ሻጩም የሥጋ ዘመዱ ነበር። ይሁንና ውል ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክሮች አቆመ። የታተመውንና የተከፈተውን ሁለቱንም ቅጂ ለባሮክ ሰጥቶ ብዙ ዘመን እንዲኖሩ በሸክላ ዕቃ እንዲቀመጡ አዘዘ (ኤር. 32)። እንግዲህ ነቢዩ ከዘመዱ ጋር እንዲህ ካደረገ፣ እኛ ከወንድማችን ጋር ውል መጻፋችን በምን አለማመን ይሆናል?

እንዲያውም ወንድማማችነትን የሚያፈርሰው ያልተጻፈው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጣሪያው ሲያፈስ፣ ወይም አንድ ወራሽ ሲነሣ፣ ሁለት ቤተሰቦች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ያቅታቸዋል። በዚያን ጊዜ ሽማግሌዎችና መጋቢው ባላዩት ውል ላይ ፍርድ ስጡ ይባላሉ። ስለዚህ ወንድማችሁን ከወደዳችሁት በግልጽ ንገሩት፦ «የራሳችንን ባለሙያ እናመጣለን፤ አንተም የራስህን አምጣ»። ቅን ሻጭ በዚህ አይቆጣም፤ የሠራው ሥራ መታየቱ ለእርሱም ክብር ነው። መጋቢውን ግን ወኪላችሁ አታድርጉት፤ እርሱ የሁለታችሁም እረኛ ነው።

ለባልና ለሚስት

በመጨረሻ አንድ ነገር ለእናንተ ለሁለታችሁ። ቤቱን ለማየት ከመውጣታችሁ በፊት በራሳችሁ ማዕድ ላይ ተቀመጡ። ከስንት ብር በላይ እንደማትሄዱ ተስማምታችሁ ጻፉ፤ ያንን ቁጥር ለደላላ አትንገሩ። ያለ ብድር ስንት አለን? ስም ማዛወሪያው፣ ግብሩ፣ ጥገናው ተደምሮ ስንት ይሆናል? ጌታ ኢየሱስ ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ የተናገረው ለዚህም ይጠቅመናል (ሉቃ. 14፥28)። ከሁለታችሁ አንዱ ልቡ ካልተቀበለው «በኋላ ትለምደዋለች» ወይም «በኋላ ይስማማል» ብላችሁ አትለፉት። ምን እንደታየው ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ሚስት የጓዳውን፣ ባል የጣሪያውን ጉድለት ያያል። በውሉ ላይም በካርታው ላይም የሁለታችሁ ስም ይጻፍ።

ከውጭ አገር ገንዘብ የላከች እኅት ካለችም ድርሻዋ ምን እንደሆነ፣ ስጦታ ይሁን ብድር፣ ዛሬ በጽሑፍ ይቀመጥ። እርሷ ራሷ በጫግኒ ቤት ለመግዛት የምትፈልግ ከሆነ እናንተ የእርሷ ወኪል ናችሁ ማለት ነው። ከላይ ከደላላውና ከባለሙያው የጠበቃችሁትን ታማኝነት እርሷም ከእናንተ ትጠብቃለች። እያንዳንዱን ደረሰኝ አስቀምጡላት፤ ባለሙያው የጻፈውን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ላኩላት።

የተወደዳችሁ፣ በዚህ ወር ቤት ለማየት ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ ቀጠሮውን አትሰርዙት። ነገር ግን ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ሰዎችን አነጋግሩ፤ አንድ የግንባታ ባለሙያ፣ አንድ የሕግ ባለሙያ። ክፍያቸውን ተስማሙ። ቀብዱን ቤት ትታችሁት ሂዱ። ጌታ የምትገቡበትን ቤት የሰላም ቤት ያድርግላችሁ።